ጾመ ነቢያት እና የቡናችን ሚዛን

(በሚዛን ተፈሪ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ክርስትናን በዕለት ተዕለት ኑሮ በእውነት ስለ መኖር ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ከአቦል እስከ በረካ ስለሚዘልቀው ሐሜታችንም ብዙ ሊባልበት ይቻላል። እኔ ግን ለዚህ ወቅትና ለዚህ አገር አንድ ነገር ብቻ መርጫለሁ፤ እርሱም ሚዛን ነው። ከተማችሁን ማለቴ አይደለም። በሰብሳቢው ደጃፍና በእርሻው ዳር የሚንጠለጠለውን ሚዛን ማለቴ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችንን የጾም ሥርዓትና የዚህን አገር የሥራ ወቅት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። በበበቃ በኩል ባለው ቆላማ ስፍራ ቡናው ቀደም ብሎ ይቀላል፤ ወደ ደጋማው እየወጣን ስንሄድ ለቀማው እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይዘልቃል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15 ቀን ነው፤ በልደት በዓል ይፈታል። እንግዲህ ለቀማው በሚጧጧፍበት፣ ዓመቱን ሙሉ ብር ያልያዘ እጅ ብር በሚይዝበት በዚያው ወቅት ነው ነቢያትን እያሰብን የምንጾመው። ነቢያት የጌታን መምጣት በተስፋ እየጠበቁ መጾማቸውንና መጸለያቸውን እናስባለን፤ ይህን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ነቢያት የተናገሩት ስለ ልደቱ ብቻ አይደለም።

ነቢዩ አሞጽ የነቢያት ማኅበር አባል አልነበረም። ራሱ እንደ ተናገረው ከብት ጠባቂና የዛፍ ፍሬ ለቃሚ ነበር። ለቃሚ የሚለውን ቃል አስተውሉልኝ፤ ዛሬ ከካፋ፣ ከወላይታና ከከምባታ ተነሥተው ወደ በበቃና ወደ ቴፒ የሚመጡት ወጣቶች የሚጠሩበት ስም ነው። ይህ ለቃሚ ነቢይ በመጽሐፉ ስምንተኛ ምዕራፍ የሚከስሳቸው ሰዎች በዓል የሻሩ አይደሉም። ሰንበትንና የወር መባቻን ያከብራሉ፤ በዕለቱ ንግዳቸውን ዘግተዋል። ልባቸው ግን በዓሉ የሚያልፍበትን ሰዓት ይቆጥራል። ባለፈ ጊዜም መስፈሪያውን ያሳንሳሉ፤ ዋጋውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሚዛኑን ያዛባሉ፤ ግርዱን ከእህሉ ጋር ይሸጣሉ። ነቢዩ ኢሳይያስም በሃምሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ጾመን ሳለ እግዚአብሔር ለምን አላየልንም ብለው ለሚያጉረመርሙ ሰዎች የሰጠው መልስ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ ነበርና። ሚክያስም የተዛባ ሚዛንና የአታላይ ድንጋይ ያለበትን ከረጢት እግዚአብሔር ንጹሕ ነው ብሎ እንደማይቀበል ይናገራል።

የምንጾመው እንግዲህ የእነዚህን ሰዎች ጾም ነው። ከሥጋና ከወተት ተከልክለን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን፣ ማታ ሒሳብ ስንዘጋ የሰው ኪሎ በእጃችን ከተገኘ ጾሙን ያስታወሰን ነቢይ ራሱ ከሳሻችን ሆኖ ይቆማል።

ነገሩ ረቂቅ እንዳይመስላችሁ በቁጥር ላስረዳ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። አንድ ሰብሳቢ ከእያንዳንዱ ገበሬ ላይ «ለጆንያው»፣ «ለእርጥበቱ»፣ «ለቅጠሉ» እያለ 2 ኪሎ ብቻ ይቀንሳል እንበል። በቀን 40 ሰው ቢመጣለት 80 ኪሎ እሸት ያለ ዋጋ ገባለት ማለት ነው። ይህ ተፈልፍሎ ሲደርቅ ከ13 እስከ 16 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ ወደ አንድ ፈረሱላ ይጠጋል። በየቀኑ አንድ ፈረሱላ ገደማ፣ ከማንም ጋር ሳይጣላ! ከገበሬዎቹ አንዱም ቢሆን ተዘረፍሁ ብሎ አይጮኽም፤ የጎደለበት 2 ኪሎ ነዋ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ልጁ የትምህርት ቤት ደብተር ይጠብቃል፤ ከኋላው የቆሙት ሰዎች ይገፉታል። ኀጢአቱ በ40 ሰው ላይ ስለ ተከፋፈለ ለሠሪውም ኀጢአት አይመስለውም። ኑዛዜ ሲገባ አይጠቅሰውም፤ አስቦ ደብቆት አይደለም፤ ሥራ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው።

በሌላው ወገን ያለውንም ሳልናገር ባልፍ ፍርዴ ያደላል። ከቀዩ እሸት ሥር አረንጓዴውን የሚደብቅ ገበሬ አለ፤ ጀንፈሉን ውኃ የሚያርከፈክፍበት፣ ጠጠር የሚጨምርበትም አለ። ሰብሳቢው ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ ይቀንሳል፤ ገበሬው እንደሚቀነስበት ስለሚያውቅ አስቀድሞ ይጨምራል። በመካከል የሚከስረው በንጹሕ እጁ የመጣው ነው።

ሦስተኛውን ደግሞ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት፣ ሕፃኑ በወባ ሲታመም፣ ገበሬው ገና በዛፉ ላይ ያለውን ቡና በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ገዢው «ረዳሁት» ይላል። በእርግጥም በዚያች ቀን ረድቶታል። ነገር ግን አራጣን ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው ስሙ አራጣ ሲሆን ብቻ አይደለም። በኅዳር ወር ያ ገበሬ ቀይ ቡናውን ተሸክሞ ዕዳውን ሊከፍል ሲመጣ፣ የዕለቱን ዋጋ ሰምቶ አንገቱን ሲደፋ ያየ ካህን የነገሩን ስም አይስተውም።

ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ፈተናውም ከፍ ይላል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር በዓለም ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና ዋጋ ከ4 የአሜሪካ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ያንሳል። በአገራችንም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ቡና በብር የሚያወጣው ዋጋ ተለውጧል። ቀድሞ 2 ኪሎ ማጉደል ትንሽ ነገር ይመስል ከነበረ ዛሬ አይደለም። (አያቶቻችን ቡና መጠጣትን ራሱን እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበር፤ በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ ይህ አስተሳሰብ የላላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እነርሱ ስለ ስኒው ይጨነቁ ነበር፤ እኛ ስኒውን ፈቅደን ሚዛኑን ረሳነው።)

አሁን ወደ ለቃሚው እመለሳለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና። ገበሬው ቢበደል ነገ እዚሁ ነው። ጎረቤት አለው፤ ዕድር አለው፤ በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከበደለው ሰው ጋር ይገናኛል። ለቃሚው ግን እንግዳ ነው። የሚከፈለው በለቀመው ኪሎ ልክ ነው፤ ሚዛኑን የሚያነብለትም ከፋዩ ነው። በየማታው ያለው ልኬት በአንድ ደብተር ይጻፋል፤ ደብተሩ በአሠሪው እጅ ነው። ለቀማው ሲያልቅ ሒሳቡ ይተሳሰባል፤ የምግቡ ይቀነሳል፤ ቀድሞ የወሰደው ይቀነሳል፤ የቀረውን ይዞ በአውቶቡስ ወደ አገሩ ይሄዳል። የት እንደ ሄደ፣ የአባቱ ስም ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።

ይህ ለንስሐ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። ዘኬዎስ በጌታ ፊት ቆሞ የበደላቸውን ሁሉ አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ሲገባ፣ ቃሉን መፈጸም ይችል ነበር። የኢያሪኮ ቀራጭ ነበርና ማንን እንደ ቀማ ያውቃል፤ የተቀማውም በደጁ ያልፋል። የእኛ ሰው ግን ልቡ በልደት ዋዜማ ቢነካና በጥር ወር ለመመለስ ቢወስን ለማን ይመልሳል? ገንዘቡ በእጁ አለ፤ ባለገንዘቡ የለም። የንስሐ አባቱ ለድሆች መጽውት ይለዋል፤ ሌላ መንገድ ስለሌለም ተገቢ ምክር ነው። ቢሆንም ለሌላ ድሀ የተሰጠው ብር የዚያን ወጣት እናት አልደረሰም። ያዕቆብ በመልእክቱ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ እንደሚጮኽና ድምፁ ወደ ጌታ ጆሮ እንደገባ ይነግረናል፤ የሚጮኸው ደመወዙ ራሱ ነው። ስለዚህ በቡና አገር ንስሐ ወቅት አለው እላለሁ። ለቃሚው ሳይሄድ በፊት ካልሆነ ከግማሽ በላዩ አምልጦናል።

ለዚህ አካባቢ ደግሞ ሌላ ክብደት አለው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ብዙ ክርስቲያን ወደዚህ የመጣው ወታደር፣ ባለመሬት ወይም ነጋዴ ሆኖ ነው። የገባር ሥርዓቱንና የባሪያ ንግዱን ዘመን የአገሩ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። የቤንች፣ የሸኮ፣ የመኢኒት ገበሬ መስቀል በአንገቱ ካሠረ ሰው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኘው በቅዳሴ ላይ ሳይሆን በግብርና በገበያ ሊሆን ይችላል። ዛሬም ቅዳሜ ገበያ የሚወርድ፣ ከእኛ እምነት ውጭ የሆነ ገበሬ ስለ ተዋሕዶ የሚያውቀው ማዕተብ ያሠረው ሰብሳቢ እንዴት እንደመዘነለት ነው። ስብከተ ወንጌል እናስፋፋ ብለን በጀት ስንይዝ ይህን አንርሳ፤ በየሳምንቱ ያለ በጀት የሚሰበክ ስብከት አለና።

እስካሁን ስለ ነጋዴውና ስለ አሠሪው ተናገርሁ። እዚህ የተሰበሰብነው ግን ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ነን፤ ጥያቄው ወደ እኛም ይመጣል።

ለቀማው አልቆ ልደትና ጥምቀት ሲደርሱ ስለቱ ይበዛል። ለጣሪያ ቆርቆሮ፣ ለደወል፣ ለመጋረጃ፣ ለአጥር የሚሰጥ ይመጣል። በዐውደ ምሕረት ስሙ ይጠራል፤ እልል ይባልለታል። ከሰጪው መካከል በላቡ ያገኘውን በደስታ የሚሰጥ አለ፤ ብዙዎቹም እንደዚያ ናቸው። ነገር ግን ለጉልላቱ የሰጠው ሰው ሦስት ለቃሚዎችን ያለ ሒሳብ እንዳሰናበተ መንደሩ ሁሉ እያወቀ እኛ ደረሰኝ ቆርጠን ስናመሰግነው፣ ለቃሚዎቹ ምን ይሰማሉ? ዝምታችንን እንደ ፍርድ ይቆጥሩታል።

ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ከሥርዓት መጻሕፍታችን አንዱ የሆነው ዲድስቅልያ ኤጲስ ቆጶስ የማንን መባ መቀበል እንዳለበትና የማንን መቀበል እንደሌለበት ያዝዛል። መበለትን ከሚበድሉ፣ አገልጋዮቻቸውን በረኃብና በከባድ ሥራ ከሚያስጨንቁ፣ በሚዛንና በመስፈሪያ ከሚያታልሉ ሰዎች መባ እንዳይቀበል ያስጠነቅቃል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያለበሱ በውጭ በብርድ የሚንገላታውን እርሱን ማለፍ ምን ዓይነት ክብር እንደ ሆነ ይጠይቃል። ንዋየ ቅድሳት አይሰጥ ማለቱ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማስተካከሉ ነው።

እንግዲህ መባውን በሰው ፊት እንመልስ? እንደዚያ አልልም። በአደባባይ መመለስ ሰውየውን አዋርዶ ከንስሐ ያርቀዋል፤ አንዳንድ ጊዜም የሰበካ ጉባኤው አባላት ቂማቸውን የሚወጡበት መንገድ ይሆናል። ያለው መንገድ የንስሐ አባት ነው። ጌታችን መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው ሰው መባው አልተጣለበትም፤ እዚያው ይጠብቀዋል። ካህኑም በቀስታ «ልጄ፣ ይህ ይቆይልህ፤ የእገሌን ሒሳብ ጨርሰህ ና» ሊለው ይችላል። ይህን ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል፤ የካህኑ ደመወዝ ራሱ ከዚያ ሰው ኪስ በሚመጣበት አጥቢያ ደግሞ እጥፍ ድፍረት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ካህኑን ብቻውን ሊያቆመው አይገባም። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ ያስቀመጠው ሸክሙን በጋራ እንዲሸከሙ ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የራሳችን ማሳ አለ። የቡና መሬት ያላቸው አጥቢያዎች ጥቂት አይደሉም። ያን ቡና የሚለቅመው ማን ነው? ምእመናን በፈቃዳቸው፣ ለበረከት ብለው ቅዳሜ ጠዋት ቢለቅሙ መልካም ነው። ነገር ግን የቀን ሠራተኛ ጠርተን፣ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነውና በግማሽ ዋጋ ልቀም ብንለው ያ በረከት አይደለም፤ እምቢ ማለት የማይችልን ሰው በእግዚአብሔር ስም ማስገደድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ማሳ በአካባቢው ካለው ዋጋ ሳያጓድል፣ በዕለቱና በለቃሚው ፊት መዝኖ የሚከፍል ከሆነ ስብከታችን መቆሚያ ያገኛል። ካልሆነ ግን የሰብሳቢውን ሚዛን የምንነቅፍበት አፍ የለንም።

ሊደረግ የሚችለው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ አጥቢያ በንግድ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ አንድ ሚዛን ገዝቶ በቅጽሩ በር ላይ ቢያኖር፣ ማንም ሰው ወደ ሰብሳቢው ከመሄዱ በፊት ጆንያውን መዝኖ ማለፍ ይችላል። ማንንም መክሰስ አያስፈልግም፤ ገበሬው ቁጥሩን አውቆ ሲደርስ ብቻ የብዙ ሰው እጅ ይሰበሰባል። ይህ ሚዛን በሃይማኖት ሳይለይ ለሁሉም ክፍት ይሁን። ካህናት ደግሞ በጾመ ነቢያት ልጆቻቸውን ሲያናዝዙ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ ከጠየቁ በኋላ የለቃሚዎቹ ሒሳብ መከፈሉን ይጠይቁ። ጥያቄው ለሁሉም እኩል ከቀረበ ማንም ተለይቶ ተከሰስሁ አይልም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ማንበብ የማይችሉ ለቃሚዎች ደብተራቸውን ሲያመጡ ሊያነቡላቸውና ሊደምሩላቸው ይችላሉ፤ ከመዝሙር ልምምድ የሚወስደው ግማሽ ሰዓት ነው። በወባ ወድቆ በጎተራ ጥግ የተኛ እንግዳ ቢኖር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ቢሞት የሚቀብረው ዕድር እንዳይጠፋ፣ ቤተሰቡም እንዲሰማ፣ የመጣበት አጥቢያ ስም በመዝገብ ይያዝ።

በዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ «ሁሉም ያደርገዋል፤ እኔ ብቻዬን ልክ ብመዝን ከገበያ እወጣለሁ» የሚል። ተቃውሞውን አላቃልለውም። ልክ የሚመዝን ሰብሳቢ እግዚአብሔር ይባርከዋልና ከሁሉ በላይ ይበለጽጋል ብዬ ቃል አልገባም፤ እንደዚያ የሚሰብኩ አሉ፣ እኔ ግን ከሰማዕታቱ ታሪክ ያን አልተማርሁም። ልክ በመመዘኑ በዓመቱ መጨረሻ ከጎረቤቱ ያነሰ ገንዘብ የሚይዝ ክርስቲያን ይኖራል። ልጆቹ ያንን ልዩነት በልብሳቸው ያዩታል። ስለዚህ «ታመን» ብለን ከላክነው በኋላ ብቻውን ልንተወው አንችልም። ሰበካ ጉባኤው የአባላቱን ቡና ወደ ታማኙ ሰብሳቢ ሊመራ ይችላል፤ ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ለእርሱ ማስረከብ ይችላሉ። ስሙ በዐውደ ምሕረት የሚጠራ ሰው ካስፈለገ፣ ጉልላት ከሰጠው ይልቅ እርሱ ይጠራ።

ወደ በዓሉ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል። ከዚህ ስትመለሱ በየአጥቢያችሁ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ ባሉበት የቤተ ክርስቲያኑን ማሳ ለቃሚዎች ዝርዝር አውጥታችሁ ያልተከፈለ ካለ ኅዳር 15 ቀን ሳይደርስ ክፈሉ። በየቤታችሁም እንዲሁ አድርጉ። ለቃሚዎቹን የሚወስዱት አውቶቡሶች ከሚዛንና ከቴፒ መናኸሪያ የልደትን በዓል አይጠብቁም፤ የየማሳው ለቀማ ባለቀ ማግስት ይነሣሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።